ወንዝ ሕይወት አለውን?
ስለ ንቃተ ኅሊናችንና ከተፈጥሮ ስለ መለየታችን



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ መርጃ መሣሪያ አሠራር፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ፈተና አወጣጥ ብዙ ተጽፏል። የእኛም ጽሑፍ የሚነሳው ከአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከአርባ ደቂቃ በላይ ሆኖብን ይኸው እስከ ዛሬ ከመኝታ ክፍላችን አልወጣም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢል ታገሡን።

ለማስተማር ልምምድ የተመደብነው ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ነበር። ሦስት ነበርን። ወሩ የግንቦት መጨረሻ ነው። የደረሰን ርዕስ በአካባቢ ሳይንስ ‹‹ሕይወት ያላቸውና ሕይወት የሌላቸው ነገሮች›› የሚል ስለ ነበረ ቀላል ነው ብለን ተደሰትን። ሕይወት ያለው ነገር ይመገባል፣ ያድጋል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ዘሩን ይተካል፤ ይህን የማያደርግ ሕይወት የለውም። በሰሌዳው ግራ ላም፣ ዶሮ፣ ባሕር ዛፍ ጻፍን፤ በቀኙ ድንጋይ፣ ማረሻ፣ ወንዝ።

ከኋላ ወንበር አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና ‹‹መምህር፣ ወንዝማ ሕይወት አለው›› አለ። ለምን? ስንለው ባስተማርነው መስፈርት መለሰልን። በሐምሌ ያድጋል፣ በመጋቢት ይከሳል። ማንም ሳይነዳው ይሄዳል። አምና የጎረቤታቸውን ጥጃ በልቷል። ልጆችም አሉት፤ ከላይ የሚወርዱት ትንንሾቹ ጅረቶች ልጆቹ ናቸው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የስህተት ምልክት አደረግንበት። ልጁም ‹‹እሺ መምህር›› ብሎ ተቀመጠ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ አንድ ትንሽ ወንዝ መሻገር ነበረብን። በእኛ በኩል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውኃው ከባት አያልፍም። ጫማችንን አውልቀን፣ ሱሪያችንን ጠቅልለን ልንገባ ስንል ያ ልጅ ላሞች እየነዳ ደረሰና ‹‹አትግቡ፣ እየመጣ ነው!›› አለን። ማነው የሚመጣው? ‹‹እሱ ነዋ›› አለ፣ በአገጩ ወደ ወንዙ እያመለከተ። ላሞቹን መልሶ ከፍ ካለው ቦታ ላይ አቆማቸው። ከመካከላችን አንደኛው ‹‹ኧረ ተወው፣ ይመሽብናል›› ብሎ አንድ እግሩን አግብቶ ነበር። ልጁ እንደገና ሲጮህ አፍሮ ወጣ። ብዙም አልቆየ፣ ከላይ በኩል እንደ መኪና የሚያጓራ ድምፅ ሰማን። ደራሽ ውኃ ግንድና ጭቃ እየነዳ መጣ። ልንረግጠው የነበረው ድንጋይ ከዓይናችን ጠፋ። ውኃው እስኪጎድል ሦስታችንም ዳገቱ ላይ ተቀምጠን አመሸን።

እንዴት አወቅህ ብለን ልጁን ጠየቅነው። ምሥጢር የለውም። ‹‹ቀለሙ ተለወጠ፣ ቅጠል ማምጣት ጀመረ፣ ድምፁም ከበደ።›› ከላይ በደጋው በኩል ዘንቦ ነበርና። እኛ እኮ ስለ ተፋሰስ በጂኦግራፊ ተምረናል። ስለ ጎርፍና ስለ ደለል ተፈትነን አልፈናል። ውኃው ግን ከፊታችን እየተለወጠ አንዳችንም አላየነውም። ‹‹ሕይወት የሌላቸው›› ከሚለው ዓምድ ሥር ጽፈነው ወጥተናላ! ቃሉ በሳይንስ ትክክል ነው። በእኛ አፍ ግን ‹‹ሊታይ የማያስፈልገው›› ማለት ሆኖብን ቆየ። ጽሑፋችን የሚያጠነጥነው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ‹‹ንቃተ ኅሊና›› የሚለው አነጋገር በአብዮቱ ዘመን በየስብሰባው ይነገር የነበረ ሲሆን፣ ትርጉሙም በአመዛኙ ሰው መብቱንና መደቡን አወቀ ማለት ነበር። እኛ ግን እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እንያዘው፤ ሰው ‹‹እኔ›› ብሎ ራሱን ማወቁ፣ ማወቁንም ማወቁ ማለት ነው። ኅሊና ከግዕዙ ‹‹ኀለየ››፣ ይኸውም አሰበ፣ አሰላሰለ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ‹‹ነቃ›› የሚለው ደግሞ ሁለት ነገር ይነግረናል። ሰው ከእንቅልፉ ነቃ እንላለን፤ እንስራውም ነቃ፣ ግድግዳውም ነቃ እንላለን። የዋልካ መሬት በበጋ የሚያወጣውንም ስንጥቅ ንቃቃት እንለዋለን። የቃላት መገጣጠም ነው ቢባል እንኳ ለነገራችን ይመቻል። ሰው ሲነቃ በእርሱና በዓለሙ መካከል አንድ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ወዲህ ‹‹እኔ››፣ ወዲያ ‹‹እሱ››።

ይህ ስንጥቅ መቼ ይጀምራል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጎርደን ጋለፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት በተኙ ቺምፓንዚዎች ፊት ላይ ቀለም ቀብቶ፣ ሲነቁ መስተዋት አቀረበላቸው። እነሱም መስተዋቱን ትተው የገዛ ፊታቸውን ነኩ። ከእነርሱ በኋላ ሕፃናት በዚሁ ዘዴ ተፈትነው፣ ብዙዎቹ ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን እንደሚለዩ ታውቋል። እንግዲህ ሰው ‹‹ይህ እኔ ነኝ›› ለማለት ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን የተቀረው ዓለም ባንድ ጊዜ ወዲያ አይሄድም። በሥነ ልቦና ኮርሳችን ስሙን ደጋግመን የምንሰማው የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ሕፃን መጀመሪያ ሥራ ያለውን ሁሉ፣ ቀጥሎ የሚንቀሳቀሰውን፣ ከዚያም በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ሕይወት ያለው አድርጎ ያስባል። እንስሳትንና ዕፅዋትን ብቻ ነጥሎ የሚያስቀምጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፀሐይና ጨረቃም ሲሄድ የሚከተሉት ይመስለዋል። እኛስ ልጆች ሆነን ጨረቃ ስንሮጥ ትሮጣለች፣ ስንቆም ትቆማለች ብለን አልተከራከርንም?

የፒያዤን መስፈርት ይዘን የቡሬውን ልጅ ብንመዝነው ‹‹በራሱ የሚንቀሳቀሰው›› ከሚለው ደረጃ ላይ እናገኘዋለን፤ ገና ያልደረሰ ልጅ ነው ብለን እናልፈዋለን። እዚህ ላይ ግን እንቆም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ልጆችን፣ የዊስኮንሲን ገጠር ልጆችንና በዚያው የሚኖሩትን የነባሩን የሜኖሚኒ ሕዝብ ልጆች አነጻጽሯል። የከተማዎቹ ትንንሽ ልጆች ስለ እንስሳት ሲጠየቁ የሚነሡት ከሰው ነው፤ ለሰው ከመሰለ አለው፣ ካልመሰለ የለውም። የሜኖሚኒ ልጆች ግን ማን ከማን ጋር ይኖራል፣ ማን ማንን ይበላል ብለው ያስቡ ነበር። ንብ ያለው ነገር ለድብም ይተርፋል፣ ድብ ማር ይበላላ! እንግዲህ ሰውን መሐል አስቀምጦ ሌላውን ዙሪያውን መደርደር የሕፃን ሁሉ ተፈጥሮ አይደለም። ከአስተዳደግ የሚመጣ ነው። የእኛም ልጅ ጅረቶቹን የወንዙ ልጆች ሲላቸው ስለ ተፋሰስ መናገሩ ነበር፤ ማን ከማን እንደሚመጣ ያውቃል። እኛ ነን ያልሰማነው።

የሚገርመው ነገር የራሳችን ቋንቋ ከልጁ ጋር መወገኑ ነው። መሬት ጦሟን አደረች እንላለን፤ ሰማዩ ዳመና አዘለ እንላለን። ከአንድ አካባቢ የመጣን ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ስንገናኝ ‹‹የወንዜ ልጅ›› እንባባላለን። ወንዙን ሕይወት የሌለው ብለን ጽፈን ስናበቃ በማግሥቱ ልጆቹ ነን ማለታችን ነው። ‹‹ተፈጥሮ›› የሚለውንም ቃል ተመልከቱት። የአንድን ሰው ጠባይ ስንናገር ‹‹ተፈጥሮው ነው›› እንላለን። ስለዚህ በአማርኛ ተፈጥሮ ከደጅም አለ፣ ከውስጥም አለ። ‹‹ተፈጥሮን እንንከባከብ›› የሚለውን ሰሌዳ ስናነብ ግን ከውስጥ ያለው ይረሳና ከአጥር ውጪ የቆመ የሌላ ሰው ከብት ይመስለናል።

ይህንን መራራቅ ያመጣው ማነው ቢሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ሥራው የሚያስበውን ነፍስ ከአካል ለየ፤ እንስሳትን በመኪና መሰላቸው፤ ሰው በእውቀቱ የተፈጥሮ ጌታና ባለቤት ያህል ሊሆን እንደሚችልም ተስፋ አደረገ። በዚህ መንገድ የተገኘውን መድኃኒት፣ ክትባትና መብራት አንክድም። ሆኖም ጌትነቱ ወደ እኛም አገር መጥቷል። በደርግ ዘመን ‹‹ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን›› የሚል መፈክር ይሰማ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብም አብረው ያስታውሳሉ። ለረሃቡ ድርቁ ብቻ ሳይሆን ጦርነቱና የመንግሥቱ አመራርም ምክንያት ነበሩ። ቁጥጥሩ ግን አልታየም። ተፈጥሮ ‹‹የሰው ሁለተኛ አካሉ ነው›› ወደሚል አሳብ የቀረበ ነገር ካርል ማርክስ ራሱ በ1844 እ.ኤ.አ. በጻፋቸው ረቂቆች ውስጥ መኖሩን ስናነብ፣ መፈክር ጸሐፊዎቹ እዚያ ገጽ ላይ አልደረሱም ይሆን ብለን መሳቃችን አልቀረም።

በአንጻሩ ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ከዚህ ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን፣ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ይገኛል። ከዚያች ምንጭ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይፈስሳል። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ምንጩን አይተዋል። የአካባቢው አገው ለምንጩ መሥዋዕት ያቀርብ እንደ ነበረ ሁለቱም ጽፈዋል። ዛሬም ምእመናን ለጠበል ይሄዳሉ። እንግዳው ‹‹አገኘሁት›› ብሎ ይደሰታል፣ ባለአገሩ ይሰግዳል። አንድ ውኃ፣ ሁለት ዓይነት ዓይን።

በየመንደሩ የነበረውንም የአድባር ዋርካ አስታውሱ። አድባር በግዕዝ ‹‹ደብር›› ለሚለው ብዙ ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። ከሥሩ ሽምግልና ይቀመጡበታል፣ ማንም ምሳር አያሳርፍበትም። የቤተ ክርስቲያን ደኖችም እንዲሁ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በዙሪያቸው ያለው ሜዳ ታርሶ ሲራቆት ዝግባውና ወይራው፣ ኮሶውና ጥዱ በዚያች ቅጥር ውስጥ ተጠልሎ ቀርቷል ማለት ነው። የእኛም ምዕራብ ጎጃም ከዚህ አይለይም። ከአውቶቡስ መስኮት ሆናችሁ ከሩቅ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ስታዩ ደብር መሆኑን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ማሳመር ስለማንወድ ሌላውንም እንናገር። አባቶቻችን ከተፈጥሮ ጋር አንድ ነበሩ የሚለው አባባል ግማሹ ነው እውነቱ። ከደብሩ ቅጥርና ከአድባሩ ጥላ ውጪ ያለውን ዳገት ያረሰው ማን ሆነና? ደኑን የመነጠረው በበሬዎቹ ስም የሚጠራው ያው ገበሬ ነው። ተቸግሮ ነው፤ መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተሸነሸነ ጦሙን የሚያድርበት ጊዜ ስላጣ ነው። ደግሞም ያ አንድነት ፍርሃት ነበረበት። ወረርሽኝ ሲገባ ምንጩን ከማጽዳት ይልቅ ቆሌው ተቆጣ ተብሎ የተቀበሩ ሕፃናት አሉ። ወደዚያ እንመለስ የሚል ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም።

ሦስታችንም የገበሬ ልጆች ነን። ከመካከላችን አንዱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ጠምዶ ያርስ ነበር። የበሬዎቹን ስም ዛሬም አልረሳም፤ ቡሬና ዳልቻ ይባላሉ (ከተማዋን ማለታችን አይደለም፣ መልኩን ነው)። አሁን ግን የዳጉሳ ማሳ ውስጥ ብትጥሉት አቀንጭራን እንኳ ከሌላው አረም ለመለየት ያመነታል። ሌላዋ ጓደኛችን እናቷ ስለ ሙጃና ስለ መጭ ስታወራ ‹‹ሣር ነው እንግዲህ›› ብላ እንደ መለሰችላትና እናትየው ዝም እንዳሉ አጫውታናለች። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ያወቅነው ብዙ ነው፤ የፎቶሲንተሲስን ቀመር ተኝተንም እንጽፈዋለን። ቀመሩ የሚሠራባትን ቅጠል ግን በስሟ አንጠራትም። በበዓል ወደ ቤት ስንሄድ እንደ እንግዳ ወንበር ይሰጠናል፣ ሥራ ንኩ የሚለን የለም። ይህ ክብር ይመስለን ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? በዚህ ላይ አልተስማማንም። አንደኛው ወገን መስፈርቱ በመጽሐፉ እንዳለ ይስጥ፣ ወንዝ ሕይወት አለው ብሎ የጻፈ ልጅ ፈተና ላይ ይወድቃል፣ የሚጎዳው ያው የገጠሩ ልጅ ነው ይላል። እውነት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ልጁ ፈተናውን ሲያልፍ ዓይኑን ካጣ ምን አተረፍን ይላል። በመጨረሻ ያግባባን የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። ወጣቱ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ መሆኑን ያውቃል፤ ይህ ከመጽሐፍ የተገኘ ነው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ሴቶቹ ያውቃሉ፤ ይህ ከእናት የተወረሰ ነው። እርሱ ወንዙ ዳር ቆሞ ሁለቱን አገናኘ። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆኖ ለረጅም ጊዜ በሠራው ምርምርም እ.ኤ.አ. በ1989 ‹‹አማራጭ ኖቤል›› የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ሳይንሱ ከወንዙ አልለየውም፤ እንዲያውም ወደ ወንዙ ወሰደው።

ስለዚህ የትምህርት ዕቅዱን እንደገና ጻፍነው። መስፈርቱን አልነካንም። ወንዝ አሁንም በቀኙ ዓምድ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ዓምዶች መካከል አንድ ሦስተኛ ዓምድ ጨመርን፤ ‹‹ከማን ጋር ይኖራል? ምን ሲሆን ይለወጣል? በምን ይታወቃል?›› የሚል። ልጆቹ ከመጽሐፉ ሳይሆን ካዩት ይሞሉታል፤ መምህሩ የማያውቀውን ከእነሱ ይጽፋል። አንድ አሠልጣኛችን ዕቅዱን አይተው ‹‹ለአርባ ደቂቃ ይበዛል›› ብለውናል። ልክ ናቸው። በሁለት ክፍለ ጊዜ እንዲከፈል እያሰብን ነው፤ የተሻለ አሳብ ያለው ይንገረን።

ወደዚያ ት/ቤት የመጨረሻው ሳምንት ላይ ተመልሰን ነበር። የልጁን ደብተር ጠይቀን ተቀበልነው። የቀዩን ምልክት በላጲስ ማጥፋት አይቻልምና ከጎኑ ‹‹መልስህን በደንብ አልሰማነውም ነበር›› ብለን ጻፍንበት። እሱ ግን የተጻፈውን አንብቦ፣ ‹‹እና ሕይወት አለው ወይስ የለውም?›› ብሎ ጠየቀን። የለውም አልነው። ‹‹ምግብ አያሻውም፣ ዘሩን አይተካም፣ ስለዚህ በሳይንስ ሕይወት የለውም። አንተ የምታውቀው ነገር ግን እውነት ነው።›› ጥቂት አሰበና ‹‹ጥጃውንስ?›› አለ። ለዚህ ያዘጋጀነው መልስ አልነበረንም።

አዲሱን የትምህርት ዕቅድ እርስ በርስ ለመሞከር በሚመጣው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ላህ ወንዝ ዳር እንገናኛለን። በተለይ የሣርና የአረም ስም የሚያውቅ ሰው በጣም ቸግሮናል፤ የግቢያችን ዘበኛ ለመምጣት ቃል ገብተውልናል። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። በደጋው በኩል ዳመና ካዘለ ግን ከዳር ሆነን እንመለከታለን እንጂ ወደ ውኃው ማንም አይውረድ።